ስግብግቡ ማነው? የገንዘብ ጠባያችንን በሙከራ ስለ ማጥናት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥም ሆነ ሐረር ሸዋ በር ገበያ ላይ አንድ ጭቅጭቅ አይጠፋም። ገዢ «ይሄ ዘይት ዶላር ሳይጨምር የገባ ነው፤ ለምን በአዲስ ዋጋ ትሸጥልኛለህ?» ይላል። ባለሱቅ ደግሞ «አቦ ተወኝ! ነገ ሄጄ የማመጣው በስንት ነው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ተናደው ይለያያሉ። ማታ በርጫ ላይ፣ ጫት እየተቃመ፣ ፍርዱ ይሰጣል፦ ነጋዴው ስግብግብ ነው። ነጋዴዎችም ፍርድ አያጡም፦ ሕዝቡ ገበያ አይገባውም።

ነገሩ በዋጋ ብቻ አያበቃም። ስለ ሰው ጠባይ በየቀኑ ብዙ እንፈርዳለን። «ወጣቱ ፋብሪካ ገብቶ አይበረክትም።» «ዕድር ካልቀጣ ቀብር የሚመጣ የለም።» «ገጠሬው ለነገ አያስብም።» እነዚህ አባባሎች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ላይሆኑም ይችላሉ። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው። የሚናገራቸው ሰው ፈትኗቸው አያውቅም።

እንዲህ ያለውን ግምት መፈተን ሥራዬ ያለ የኢኮኖሚክስ ዘርፍ አለ። የሙከራ ኢኮኖሚክስ ይባላል። ይህ ዘርፍ ደጋግሞ ያገኘው አንድ ነገር ለቀፊራው ጭቅጭቅም ይጠቅማል፦ የጨዋታው ሕግ ሲቀየር ያው ሰው ሌላ ሰው ይመስላል። ስለዚህ ጠባዩን ከመርገማችን በፊት የሚጫወትበትን ሕግ ማየት ይሻላል።

ሙከራ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሙከራ ሲባል ብዙ ሰው ነጭ ጋዋንና የላብራቶሪ ብልቃጥ ይታየዋል። «ሰው ላይ ይሞከራል እንዴ?» ብሎ የሚደነግጥም አለ። እዚህ የሚሞከረው ግን ሕጉ ነው። ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ የጨዋታ ሕግ ይነገራቸዋል፤ ይወስናሉ። ከዚያ ሕጉ በአንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። ውሳኔያቸው ከተቀየረ ምክንያቱ የታወቀ ነው።

ሁለት ነገር የግድ ነው። አንደኛው እውነተኛ ገንዘብ ነው። ሰው በወሬ ቸር ነው። «100 ብር ብታገኝ ለጎረቤትህ ስንት ትሰጣለህ?» ብትሉት ግማሹን ይላችኋል። ብሩ እጁ ላይ ሲሆን ግን ማሰብ ይጀምራል። ስለዚህ ተሳታፊው እንደ ውሳኔው ብር ይዞ ይሄዳል። በዚህ ሙያ ተሳታፊን ማታለልም ነውር ነው። አንዴ የተዋሸ ሰው ሁለተኛ የተነገረውን ሕግ አያምንም።

ሁለተኛው ዕጣ ነው። ማን ወደየትኛው ቡድን እንደሚገባ በዕጣ ይወሰናል። ዕቁብ የገባ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ወዲያው ይገባዋል። ዕጣ ዘመድ አያውቅም። ሥልጠና የሚሰጠው ለፈለገ ሰው ብቻ ቢሆን የሚመጡት ቀድሞውንም ትጉህ የነበሩት ናቸው። በኋላ ቢያልፍላቸው ሥልጠናው ነው ወይስ ትጋታቸው? መለየት አይቻልም። በዕጣ ከተከፈለ ግን ሁለቱም ወገን በአማካይ ተመሳሳይ ይሆናል። ዕጣው ያልወጣለት ወገን ማነጻጸሪያ ቡድን ይባላል።

ጨዋታው በአንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ የቤተ ሙከራ ጥናት ይሉታል። ሰው በሚኖርበትና በሚሠራበት ቦታ ከሆነ የመስክ ሙከራ ነው። የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2002 ለቨርነን ስሚዝና ለዳንኤል ካህነማን ተሰጠ። ስሚዝ የተሸለመው የመጀመሪያውን ዓይነት መሠረት ስላስያዘ ነው። በ2019 ደግሞ ድህነትን በመስክ ሙከራ ላጠኑት ለአቢጂት ባነርጂ፣ ለኤስተር ዱፍሎና ለማይክል ክሬመር ደረሰ።

ከጨርቅ ሥር ያለ ዋጋና በአደባባይ የተጠራ ዋጋ

የዚህ ሙያ መነሻ ታሪክ ስለ ገበያ ነው። ኤድዋርድ ቼምበርሊን የሚባል የሃርቫርድ መምህር ተማሪዎቹን ገዢና ሻጭ አድርጎ ያገበያይ ነበር። ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ካርድ ይሰጠዋል። የሻጭ ካርድ ለምሳሌ «ዕቃው የሚያስወጣህ 60 ነው» ይላል። የገዢ ካርድ «ለአንተ ዋጋው 100 ነው» ይላል። አንዱ የሌላውን ካርድ አያይም። ተማሪዎቹ ክፍሉ ውስጥ እየዞሩ ሁለት ሁለት ሆነው ይደራደራሉ። ውጤቱ የተዘበራረቀ ሆነ። ዋጋው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይለያያል። መጽሐፍ የሚለው ሚዛናዊ ዋጋ፣ ማለትም አቅርቦትና ፍላጎት የሚገናኙበት ዋጋ፣ አልመጣም። ቼምበርሊን «ያ ንድፈ ሐሳብ እንደሚወራለት አይሠራም» አለ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ቨርነን ስሚዝ ነበር። መምህር ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ጨዋታውን በራሱ ክፍል ደገመው። የቀየረው ሁለት ነገር ነው። ዋጋ በአደባባይ ይጠራል፤ ሁሉም ይሰማል። ገበያው ደግሞ ለተከታታይ «ቀናት» ይደጋገማል። ያኔ ዋጋው በጥቂት ዙር ውስጥ ወደ ሚዛናዊው ተጠጋ። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ነበሩ። የሌላውን ካርድ ያየም አልነበረም። ስሚዝ ራሱ ማመን አቅቶት ደጋግሞ ሞከረው፤ ውጤቱን ያሳተመው በ1962 ነው።

ልብ በሉ፤ በሁለቱም ክፍል ያሉት ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ክፍል ከሌላው የበለጠ ስግብግብ አልነበረም። የተለየው ዋጋው እንዴት እንደሚነገርና ገበያው መደጋገሙ ነው።

የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ልዩነት ለማየት ሃርቫርድ መሄድ አያስፈልገውም። በምሥራቁ የግመልና የከብት ገበያ ደላላና ገዢ እጃቸውን ከጨርቅ ሥር አገናኝተው በጣት የሚደራደሩበት ልማድ አለ። ዋጋውን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አጠገባቸው የቆመው ያው ዓይነት ግመል በስንት እንደተሸጠ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ወደ ቼምበርሊን ክፍል ይጠጋል። አወዳይ ላይ ጫት ሲሸጥ ደግሞ ሌላ ነው። ጩኸት አለ፤ ሁሉም የሁሉንም ዋጋ ይሰማል፤ ቅጠሉ ስለሚጠወልግ ማንም ለነገ ላቆየው አይልም። ወደ ስሚዝ ክፍል የሚያደላው ይሄኛው ነው።

ሱቅስ? ሱቅ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ሻጩ ዋጋ ይለጥፋል፤ ገዢው ወይ ይገዛል ወይ ይሄዳል። በቤተ ሙከራ ይህ ሕግ ሲሞከር ዋጋው ወደ ሚዛኑ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ከላይ ተነሥቶ ነው የሚወርደው። ይህ የባለሱቆችን ጠባይ አይነግረንም። አንዱ ወገን ብቻ ዋጋ መጥራት የሚችልበት ሕግ እንዲህ ያደርጋል ማለት ነው።

ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ ለዶላር ወሬ ይሠራል። ተሳታፊዎች በ15 ዙር ትርፍ የሚከፍል ወረቀት ይገበያያሉ። የወረቀቱ ትክክለኛ ዋጋ በየዙሩ ስንት እንደሆነ ለሁሉም ተነግሯል፤ የተደበቀ ነገር የለም። ሆኖም ዋጋው ከትክክለኛው በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ መጨረሻ አካባቢ ይንኮታኮታል። ለምን? እያንዳንዱ «እኔ በውድ ብገዛም ከእኔ በበለጠ ውድ የሚገዛኝ አላጣም» ብሎ ያስባል። ያው ቡድን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲጫወት ግን የዋጋው እብጠት እየከሰመ ይሄዳል። አንዴ የተቃጠለ ሰው ይማራል። ችግሩ በእውነተኛ ገበያ ያው ጨዋታ ሦስት ጊዜ ተመሳስሎ አይመጣም፤ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ወሬ፣ አዲስ ገዢ ነው።

የድሮ ዕቃ በአዲስ ዋጋ

አሁን ወደ ዘይቱ እንመለስ። ካህነማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት አለ። በካናዳ ሁለት ከተሞች፣ በቶሮንቶና በቫንኩቨር፣ ለነዋሪዎች ስልክ እየደወሉ አጫጭር ታሪኮችን ነገሯቸው። «ይህ አግባብ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ጠየቁ። የታሪኮቹን ዝርዝር ለአንዱ እንዲህ፣ ለሌላው እንዲያ ያደርጉታል።

አንዱ ታሪክ በረዶ ስለሚጠረግበት አካፋ ነው። ሱቁ አካፋውን በ15 ዶላር ይሸጥ ነበር። ከባድ በረዶ በጣለ ማግስት 20 አደረገው። ከተጠየቁት 82 በመቶው አግባብ አይደለም አሉ። በሌላው ታሪክ ሰላጣ በጅምላ 30 ሳንቲም ጨመረበትና ባለሱቁ 30 ሳንቲም ጨመረ። 79 በመቶው ምንም ችግር የለውም አሉ። ሰው የሚጠላው ጭማሪውን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ወጪ ጨምሮበት ሲጨምር ይቀበላል። የእኔን ችግር አይቶ ሲጨምር ይናደዳል።

ሦስተኛው ታሪክ በቀጥታ ቀፊራ ይመስላል። የባቢሌ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ ታሪኩ ስለ ለውዝ ነው። አንድ ሱቅ የብዙ ወር የለውዝ ቅቤ በመጋዘኑ አለው። ባለቤቱ የጅምላ ዋጋ መጨመሩን ሰማ። ወዲያው በእጁ ባለው ዕቃ ላይ ዋጋ ጨመረ። 79 በመቶው አግባብ አይደለም አሉ። ዶላር በኪሳቸው የያዙ፣ ምንዛሪ የማያስጨንቃቸው ካናዳውያን ናቸው ይህን ያሉት። የቀፊራ ገዢ ንዴት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ባለሱቁስ ተሳስቷል? እዚህ ላይ ኢኮኖሚስቶች ወደ ነጋዴው ያደላሉ። ዘይቱን በድሮ ዋጋ ሸጦ ቢጨርስ በእጁ የቀረው ብር ያንኑ ያህል ዘይት መልሶ አይገዛም። 10 ጄሪካን ሸጦ 7 ያመጣል። በሚቀጥለው ዙር 5 ይሆናል። ሱቁ በሂደት ባዶ ይሆናል። የእሱ ሒሳብ መተኪያ ዋጋ ይባላል፦ ዕቃው የገባበት ሳይሆን የሚተካበት። የገዢው ሒሳብ ደግሞ የገባበት ነው። ሁለቱም በራሳቸው ሒሳብ ትክክል ናቸው፤ ጭቅጭቁም ለዚህ ነው መቋጫ የሌለው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። መተኪያ ዋጋ እውነተኛ ምክንያት የሚሆነው ሲወርድም ከሠራ ነው። ዶላር ሲወጣ በዚያው ሰዓት የሚጨምር፣ ሲወርድ ግን «የድሮ ዕቃ ነው» የሚል ሱቅ ሁለቱንም ሒሳብ ለራሱ እያዋለ ነው። ገዢውም ይህን ያስተውላል።

ፍትሕ ለሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚለካ ሌላ ጨዋታም አለ። ቨርነር ጉትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 አስተዋወቁት። «ተቀበል ወይም ተው» ብንለው ይገልጸዋል። ለአንዱ ሰው 100 ብር ይሰጠዋል። ለማያውቀው ሌላ ሰው ድርሻ ያቀርባል። ያኛው ከተቀበለ ይካፈላሉ። እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። በሒሳብ ብቻ ቢሆን 1 ብርም ከባዶ ይሻላል። ሰዎች ግን ከ20 በታች ሲቀርብላቸው ብዙ ጊዜ እምቢ ይላሉ። ክብራቸውን በገንዘብ አይለውጡም። አቅራቢዎቹም ይህን ስለሚያውቁ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ያቀርባሉ።

ይህ ውጤት በተማሪዎች ላይ የተገኘ ነበር። ጆሴፍ ሄንሪክ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ጨዋታውን ፔሩ ደን ውስጥ ወደሚኖሩት ማቺጌንጋዎች ወሰደው። አማካይ ድርሻው 26 በመቶ ሆነ፤ እምቢ የሚል ሰውም ከስንት አንድ ነው። በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር በ15 ትንንሽ ማኅበረሰቦች ደገመው። በኢንዶኔዥያ ላማሌራ የሚኖሩ ዓሣ ነባሪ አጥማጆች ከግማሽ በላይ ያቀርባሉ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሲሰጣቸው እምቢ ያሉ ሰዎች ነበሩ። እዚያ ትልቅ ስጦታ የተቀበለ ሰው ዕዳ ውስጥ ይገባል። ይህ ለእኛ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ «ምን ፈልጎ ነው?» የምትለውን ጥያቄ የማያውቅ የለም። ከጥናቱ የወጣው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ከገበያ ጋር የበለጠ የሚገናኙትና ሥራቸው በጋራ መሥራትን የሚጠይቅ ማኅበረሰቦች ለማያውቁት ሰው የበለጠ ያካፍላሉ። «ገበያ ሰውን ያበላሻል» ለሚለው አባባል ይህ አይመችም።

አፎቻ፣ ዕድርና መቀጫ

ሐረር ውስጥ አፎቻ አለ፤ ሰርግና ሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር። ድሬዳዋ ሰፈሩ ሁሉ ዕድር ነው። የእነዚህ ማኅበራት ፈተና አንድ ነው። ሁሉም ካዋጣ ሁሉም ይጠቀማል። እኔ ሳላዋጣ ሌላው ቢያዋጣ ግን እኔ ይበልጥ እጠቀማለሁ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህ የጋራ መዋጮ ጨዋታ ይባላል። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 ብር አላቸው እንበል። ወደ ጋራ ሣጥን የገባ 1 ብር ለእያንዳንዳቸው 40 ሳንቲም ይመልሳል። ለቡድኑ 1 ብር ከ60 ነው፤ ለሰጪው ግን ኪሳራ። ሰዎች ሲጀምሩ ግማሽ ያህሉን ያዋጣሉ። ዙሩ በቀጠለ ቁጥር መዋጮው እየቀነሰ ይሄዳል። አንዱ ሌላው ሲያፈገፍግ ያይና «እኔ ሞኝ ነኝ?» ይላል።

ኤርንስት ፌርና ሲሞን ጌክተር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሙከራ አንድ ሕግ ጨመሩ። ማንም ሰው ከራሱ ገንዘብ ከፍሎ ያላዋጣውን መቅጣት ይችላል። መዋጮው ወጣ። ሰዎች የራሳቸውን ብር እያወጡ ሰነፉን ቀጡ፤ ሰነፉም ተስተካከለ። ግን ይህ የትም ቦታ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ጨዋታው በ16 የዓለም ከተሞች ተሞከረ። በአንዳንዶቹ ከተሞች ብዙ ያዋጡትን ሰዎች የሚቀጡ ተገኙ! «ለመታየት ነው» ዓይነት ነገር። እንዲህ ያለ በሞላበት ቡድን ቅጣት ብዙም አልጠቀመ።

የመቀጫ ነገር ሌላ ወጥመድም አለው። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ በእስራኤል ሐይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት መዋያዎች አጠኑ። ወላጆች ልጅ ለመውሰድ ያረፍዳሉ። በስድስቱ መዋያዎች አነስተኛ መቀጫ ተጣለ። የሚያረፍደው ወላጅ ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠጋ። ቀድሞ ያረፈደ ወላጅ መምህሯን እያየ ያፍር ነበር። አሁን ግን ከፍሏል፤ ምን ያሳፍረዋል? መቀጫው ሲነሣ ደግሞ ማርፈዱ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። መቀጫው ዋጋ ሆኗል፤ ዋጋውም ነፃ ሆነ።

የዕድር ዳኞች ይህን ሳያነቡት የሚያውቁት ይመስላል። ቀብር የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ መቀጫው ግን ትንሽ ነው። የሚከብደው ስም ሲጠራ «የለም» መባሉ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ይሠራሉ። ቤት ቁጭ ብሎ መቀጫውን በቴሌብር የሚልክ አባል ሲበዛስ? ይህ ጥሩ የሙከራ ጥያቄ ነው።

ከሀገራችን የሚጠቀስ ሥራም አለ። ዴቬሽ ሩስታጊና ባልደረቦቹ ባሌ ውስጥ ደን በጋራ የሚጠብቁ 49 ማኅበራትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙ። አባላቱን የመዋጮ ጨዋታ አጫወቷቸው። ከዚያ የእያንዳንዱን ማኅበር ደን ሄደው ለኩ። «ሌላው ካዋጣ እኔም አዋጣለሁ» የሚሉ ሰዎች በበዙበት ማኅበር ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ሰዎች ደኑን እየዞሩ ለመጠበቅ የበለጠ ጊዜ ያጠፉም ነበር። ይህ ውጤት ክብደት አለው። «ክፍል ውስጥ በሳንቲም የተጫወቱት ከኑሮ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ዛፍ ላይ ተቆጥሯል።

«ወጣቱ ሥራ አይወድም»

ድሬዳዋ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ነፃ የንግድ ቀጠናም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተከፍቶላታል። ፋብሪካ ባለበት ሁሉ አንድ ቅሬታ ይሰማል፦ ሠራተኛው ሥልጠናውን ጨርሶ በወሩ ይጠፋል። ማብራሪያው ብዙ ጊዜ ጠባይ ነው፤ ሰነፍ ነው፣ ጫት ነው፣ ሞቃት ሀገር ነው።

ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ይህን በኢትዮጵያ ውስጥ በዕጣ ፈተኑት። አምስት ድርጅቶች ተባበሩ። ለሥራ ያመለከቱት ወደ 1,000 የሚጠጉ ወጣቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ሁሉም ለሥራው ይሆናሉ፤ ቦታው ግን አይበቃም። ስለዚህ ዕጣ ወጣ። አንዱ ቡድን ሥራ አገኘ። ሌላው ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ መነሻና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም።

ሥራ ከያዙት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመቱ ሲያልቅ 77 በመቶው ወጥቷል። እስከዚህ ድረስ የአሠሪዎቹ ቅሬታ ትክክል ነው። ግን ማነጻጸሪያው ቡድን አለ። ፋብሪካ የገቡት ገቢ ዕጣ ካልወጣላቸው አልበለጠም። የጤና ችግራቸው ግን ጨመረ። ያለ ፋብሪካ የሚገኘው የቀን ሥራና ጉልት ያንኑ ያህል ይከፍላል፤ ሳንባም አያቃጥልም። ለብዙዎቹ ፋብሪካ ሌላ ሥራ እስኪገኝ መጠለያ ነበር። መነሻ ብር ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል።

ስለዚህ የሚለቀው ሠራተኛ ሒሳብ ሠርቷል። ያ ጥናት ድሬዳዋ ላይ አልተሠራም፤ እዚህ ያለው ደሞዝና የቤት ኪራይም ሌላ ነው። ቢሆንም «ለምን ይለቃሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሥራ አስኪያጅ መጀመሪያ ከፋብሪካው አጥር ውጪ ስንት እንደሚከፈል ቢቆጥር ጥሩ ነው።

ከአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ አለ። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ለዩ። ለአንዱ ቡድን የታክሲ ተሰጠ። ለሌላው ችሎታውን በፈተና አስመስክሮ ማመልከት የሚማርበት አጭር ሥልጠና ተሰጠ። ከአራት ዓመት በኋላ የታክሲው ጥቅም የለም። የሥልጠናው ቡድን ግን የበለጠ ይከፈለዋል። ቀጣሪ የማያውቀውን ልጅ አይቀጥርም፤ ወረቀቱ ያስተዋውቀዋል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ዶባ ነው፤ ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ያለችው ወረዳ። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና አለማየሁ ስዩም ታፈሰ እዚያ አንድ ቀላል ነገር ሞከሩ። ለተመረጡ ገበሬዎች ዘጋቢ ፊልም አሳዩ። ፊልሙ ከእነሱ በማይለዩ ሰዎች ታሪክ ላይ ነው፤ ከትንሽ ተነሥተው በእርሻ ወይም በንግድ ስላደጉ ሰዎች። ሌላው ቡድን ተራ የመዝናኛ ፕሮግራም አየ። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ቡድን ምኞት ከፍ ብሏል። ቁጠባው ትንሽ ጨመረ፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት መላኩም ጨመረ። ገንዘብ አልተሰጠም፤ ስብከትም አልነበረም። «ገጠሬው ለነገ አያስብም» የሚለው ጠባይ የአንድ ሰዓት ፊልም ካነቃነቀው ምን ዓይነት ጠባይ ነው?

የማይዋጥላቸው ሰዎች

ይህን ዘዴ የሚተቹ ትልልቅ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. የ2015 የኖቤል ተሸላሚው አንገስ ዲተን አንዱ ነው። ከፈላስፋዋ ናንሲ ካርትራይት ጋር ሆኖ የጻፈው ክርክር በአጭሩ ይህ ነው፦ ዕጣ አንድ ነገር አንድ ቦታ መሥራቱን ያሳያል፤ ሌላ ቦታ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ለምን እንደሠራ ካላወቅን ማጓጓዝ አንችልም። እኔ ይህን ትችት አከብረዋለሁ። የአዲስ አበባን ውጤት ወደ ጀጎል ግንብ ውስጥ ይዞ መግባት ሞኝነት ነው። ግን ትችቱ ለሌላውም ጥናት ይሠራል፤ ለግምት ደግሞ ይበልጡን።

ሌላው ጥያቄ ሲደገም ይጸናል ወይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ሥራ በታላላቅ መጽሔቶች የወጡ 18 የቤተ ሙከራ ጥናቶች እንደገና ተሠሩ። 11ዱ ያንኑ ውጤት ሰጡ። 7ቱ አልሰጡም። ከሌሎች የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች አንጻር መጥፎ የሚባል አይደለም፤ ግን አንድ ጥናት አንብቦ አዋጅ ማውጣት አደገኛ መሆኑን ያሳያል።

ከሁሉም የሚከብደው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ናይሮቢ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ቁጣ አስነሣ። የውሃ ሂሳብ ያልከፈሉ ሰዎች በሚኖሩበት ድሃ ሰፈር ከባለንብረቶቹ የተወሰኑት በዕጣ ተመርጠው ውሃ ይቆረጥባቸዋል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ያልከፈሉት ላይም ተቆረጠ። አጥኚዎቹ «ድርጅቱ ለነገሩ የመቁረጥ መብት አለው» አሉ። ተቺዎቹ «በውሃ ዕጣ አይወጣም» አሉ። ድሬዳዋ በሙቀት ወር ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ወዴት እንደሚያደላ መገመት አይከብድም።

በእኛ አካባቢ ሌላ ጣጣም ይጨመራል። አንድ ቀበሌ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ይነገራል። «አግባብ» የሚለው ቃል በአራቱም እኩል ይመዝናል? ቅጽ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ የእርዳታ መዝጋቢ ይመስላል። ተጠያቂው ስሙ እንዳይሰረዝ ብሎ ቸር ሊመስል ወይም ድህነቱን ሊያጎላ ይችላል። እውነተኛ ብር በእጁ ሲይዝ ይህ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

ቀፊራ ላይ ቢሞከርስ?

የዘይቱን ጭቅጭቅ በሙከራ ማየት ይቻላል። አንድ ሐሳብ ይኸውና። የጅምላ ዋጋ በየጠዋቱ በትልቁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የዘይት፣ የስኳር፣ የሽንኩርት። ገዢው የነጋዴውን መግዣ ያያል። ከጨርቅ ሥር ያለው ዋጋ ወደ አደባባይ ወጣ ማለት ነው። የችርቻሮ ዋጋ ይወርዳል ወይ? ወይስ ነጋዴዎች የእርስ በርሳቸውን ዋጋ አይተው አንድ ላይ ይጨምራሉ? ሁለተኛውም የማይሆን ነገር አይደለም። ዋጋን በአደባባይ ማውጣት ለተቀናቃኞች መስማሚያ ሊሆን እንደሚችል የዘርፉ ሰዎች ያስጠነቅቃሉ። ለዚህም ነው በአዋጅ ከመጀመር መሞከሩ የሚመረጠው።

ችግሩ ንድፉ ላይ ነው። ቀፊራ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎ ሌሎቹ የድሬዳዋ ገበያዎች፣ አሸዋና ታይዋን፣ ለማነጻጸሪያ ይቅሩ ብንል አይሠራም። ሰዉ በባጃጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ዋጋውንም በስልክ ይነጋገራል። ሰሌዳው ያልተሰቀለበት ገበያ ሰሌዳው የተሰቀለበትን ያህል ያውቃል። ሦስት ገበያ ደግሞ ለዕጣ አይበቃም። ስለዚህ ሙከራው ወደ ሰፈር ሱቆች መውረድ አለበት፦ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ፣ ለገሃር፣ መጋላ። የሰፈር ሱቅ ብዙ ነው፤ ተራርቆም ይገኛል። ዋጋውን የሚመዘግበው ሰው ደግሞ ከንግድ ቢሮ የመጣ መምሰል የለበትም። ባጅ አንጠልጥሎ ከገባ ባለሱቁ የሚነግረው የሚሸጥበትን ዋጋ አይሆንም። እንደማንኛውም ገዢ ገብቶ፣ ከፍሎ፣ አንድ ሊትር ዘይት ይዞ መውጣት ይኖርበታል። ያንን ዘይት ሁሉ የሚገዛው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ቢታሰብበት ጥሩ ነው።